ፈተናው የሚጀምረው ከወረቀትሽ ነው

ልጄ፣ የብሪታንያውን የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የኤሲሲኤን ፈተና ልትጀምሪ መቁረጥሽን ሰማሁና ደስ አለኝ። የእኛ ሰፈር ሀይሌ ጋርመንት ድሮም የሂሳብ ሰው አያጣም። አትክልት ተራ በ2013 በጥምቀት ሰሞን ከጃን ሜዳ ተነስቶ ወደዚህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቀን ደረሰኝ ስትለቅም ውላ ማታ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ የምታፈጥ ልጅ በዝታለች። ብዙዎቹ «ኤሲሲኤ እጀምራለሁ» ይላሉ። መጽሐፉን ያወርዳሉ፣ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ይገባሉ፣ ሌሊት ይነሳሉ። ለፈተናው የሚያስቀምጥ የትምህርት ማስረጃ እንዳላቸው የሚጠይቁት ግን ከሁሉ በኋላ ነው። አንቺም ትጉ ነሽ፤ ወረቀት ላይ ግን ትዘናጊያለሽ። በዚህ ሙያ ጸጉሬን ያሸበትኩ ነኝና ስሚኝ። አንቺ እያልኩ ብናገርም ወንድሞችሽንም ይመለከታል።

1. የምትገቢበትን በር አስቀድመሽ ለዪ። «ዲግሪ ከሌለኝ አልፈተንም» የሚል ሰው ሰምተሽ ከሆነ አትመኚው። ይህን ማኅበር በ1904 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመሠረቱት ስምንት የሂሳብ ባለሙያዎች የተነሱት ሙያው ለጥቂቶች ብቻ እንዳይሆን በሩን ለማስፋት ነበር። በ1909 ኢትል ኤርስ ፐርዲ የምትባል ሴት አባል አድርገው ሲቀበሉ፣ በዓለም ላይ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች። ዛሬም ሦስት በር አለ። በአካውንቲንግ ዲግሪ የያዘ ሰው በዲግሪው ይገባል፤ ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዳንዶቹም ሊነሱለት ይችላሉ። ዲግሪ የሌለው በሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው ይጠይቃል። መስፈርቱ በእንግሊዞች ትምህርት ነው የሚለካው፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉበት አምስት ትምህርት፣ ከአምስቱም ሁለቱ የከፍተኛው ደረጃ መሆን አለባቸው። የእኛ አገር ማስረጃ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን የሚወስነው ማኅበሩ ራሱ ነው። ሁለቱም የሌለው፣ ለምሳሌ ከቴክኒክና ሙያ በሌቭል ወጥቶ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈ ልጅ፣ ፋውንዴሽንስ ኢን አካውንታንሲ በሚባለው የመነሻ ደረጃ ይጀምራል። እሱ ምንም ዓይነት የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። በዚህ በር መግባት የሚያሳፍራቸው አሉ። የሚያሳፍረው በሩን ሳያውቁ ዓመት ሙሉ ደጅ መቆም ነው።

2. ኮሌጁን ሳታጣሪ አትክፈዪ። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ እስከ ጀሞ ድረስ ብትሄጂ የኮሌጅ ማስታወቂያ ታያለሽ፤ ሁሉም «ዕውቅና ያለው» ይላል። ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለካምፓሱ፣ ለትምህርት ክፍሉና ለአሰጣጡ ለየብቻ ነው። ሌላ ካምፓሱ በቀን ትምህርት ዕውቅና ስላለው አንቺ የምትማሪበት ካምፓስ ለርቀት ትምህርትም ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። አራት ዓመት ተምሮ በመጨረሻ ዲግሪው የማይረጋገጥለትን ሰው አይቻለሁ፤ ጉብዝናው አላዳነውም። ማስታወቂያውን ተይና የፈቃዱን ወረቀት አሳዩኝ በዪ፤ ቀኑ ማለፍ አለማለፉንም ተመልከቺ። ከተቆጡሽ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

3. የመውጫ ፈተናውን አትናቂ። ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚይዘው በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ሲያመጣ ነው፤ አካውንቲንግም ከዚህ አያመልጥም። ከዚያ በፊት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። ይህን ሁሉ ያለፈች ልጅ ፈተና ሰልችቷት «ዋናው ኤሲሲኤ ነው» ብላ የመውጫውን በሩጫ ልታልፈው ትሞክራለች። ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ዲግሪ ያለው አይደለም። ያልያዝሽውን ዲግሪ መዝገብ ላይ መሙላት ደግሞ በኋላ ሲደረስበት መዘዙ ብዙ ነው።

4. ስምሽን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጊ። ይህን ረዘም አድርጌ የምነግርሽ ብዙ ጎበዝ ልጅ የተሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ስማችን በእኛ ፊደል አንድ ሆኖ በላቲን ሲጻፍ ሦስት ይሆናል። ፀሐይ የተባለችውን አንዱ ትምህርት ቤት በ«ቲ»ና በ«ኤስ» ይጽፋታል፣ ሌላው በ«ቲ» ብቻ። የአባቷ ኃይሉ በ8ኛ ክፍል ካርድ በ«አይ»፣ በዲግሪው በ«ዋይ» ይመጣል። ከዚያ ፓስፖርት ይወጣል፤ ያኛው ደግሞ አራተኛ ዓይነት ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለንደን ተቀምጦ ወረቀቷን ለሚመረምር ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን የመጨረሻ ስም ይላል። አንዱ ቦታ አባትሽን፣ ሌላው ቦታ አያትሽን ከሞላሽ ችግሩን በእጅሽ ሠራሽው። ፓስፖርትሽን ክፈቺና ከሦስቱ ስሞች የትኛው በየትኛው መስመር እንደገባ አይተሽ፣ ስትመዘገቢ እንደዚያው ሙዪ። የፈተና ቀን በር ላይ የሚታየው መታወቂያሽ ከተመዘገብሽበት ስም ጋር ካልገጠመ፣ ያጠናሽው ሁሉ ውጭ ይቀራል። የልደት ቀንሽንም እዪ። በ1993 መስከረም የተወለደች ልጅ በፈረንጅ 2000 ነው መሙላት ያለባት፤ እንዳለ ከገለበጠችው በሰባት ዓመት ታረጃለች። ለማስተካከል ሬጅስትራር ይጠይቅሻል፣ ወረዳ ይጠይቅሻል፣ አንዳንዴ ፍርድ ቤትም ያስኬድሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ይህን ሥራ ፈተና ሳይደርስብሽ በረጋ ጊዜ ጨርሺው።

5. ኮስት ሼሪንግሽን ዝጊ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣሽ ከሆነ በእጅሽ ያለው ጊዜያዊ ዲግሪ (ቴምፖ) እና ስቱደንት ኮፒ ይሆናል። ዋናውና ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት የሚወጣው የወጪ መጋራቱ ሲያልቅ ነው። ቀጣሪሽ ከደመወዝሽ እየቆረጠ ከሆነ ገቢ መደረጉን ጠይቂ፤ ተቆርጦ መዝገብ ላይ ያልደረሰ ገንዘብ ስንት ሰው አመላልሷል። የሂሳብ ሠራተኛ ሆነሽ የራስሽን ዕዳ ቀሪ ሂሳብ ካላወቅሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ በሰው ሂሳብ እንዴት ትታመኛለሽ?

6. የተነሳልሽ ፈተና ሁሉ ጸጋ አይደለም። ጠቅላላው 13 ፈተና ነው። ሦስቱ መሠረታዊ ዕውቀት፣ ስድስቱ ተግባራዊ ችሎታ፣ አራቱ የላይኛው ስትራቴጂ ናቸው። ከዘጠኙ የታችኞቹ ውስጥ እንደ ዲግሪሽ ዓይነት ሊነሱልሽ ይችላሉ፤ የላይኞቹን አራት ግን ማንም ሰው ተቀምጦ ነው የሚያልፋቸው። ልጆቻችን «ስንት ተነሳልሽ?» እየተባባሉ ይፎካከራሉ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ የተነሳልሽን ታውቂዋለሽ ወይ? የፋይናንስ ሪፖርት ፈተና ተነስቶልሽ የእናት ኩባንያንና የልጅ ኩባንያን ሂሳብ ማዋሃድ ካልቻልሽ፣ ላይ ያለው የሪፖርት ፈተና ከመጀመሪያው ገጽ ይጥልሻል። የኦዲቱም እንዲሁ ነው። ባንኮቻችን ሂሳባቸውን በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ መሠረት መዝጋት የጀመሩት በ2010 ሰኔ ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው ክፍል ውስጥ የተማረው ከአሜሪካ መጽሐፍ የተቀዳውን ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ደረጃዎቹ መለዋወጣቸውን አላቆሙም። ዲግሪሽ ያነሳልሽን ፈተና «አልፈልግም፣ እቀመጣለሁ» ማለት ትችያለሽ፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ለእያንዳንዱ የተነሳ ፈተናም ክፍያ አለ፤ በነጻ የሚመስላቸው ሲከፍሉ ይደነግጣሉ። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ሦስቱ መሠረታዊዎች ይነሱልሽ፤ የፋይናንስ ሪፖርቱን፣ የኦዲቱን ወይም የፋይናንስ አስተዳደሩን ግን ድሮ በ«ሲ» አልፈሽው ከሆነ ተቀመጪ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ለዚህም ይሆናል። ጓደኞችሽ በአንድ ዓመት ይቀድሙሻል፤ ይቅደሙ።

7. የፈተናው ሕግ የአገርሽ ሕግ እንዳይመስልሽ። የታክሱን ፈተና የእኛ አገር ልጆች የሚወስዱት በብሪታንያ ሕግ ነው። የእኛ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እዚያ ቦታ የለውም፤ ማሻሻያውም አይጠየቅም። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ትማሪያለሽ፤ አንዱን ለፈተናው፣ አንዱን ለእንጀራሽ። ከፈተናው ወጥታ ለአሠሪዋ በብሪታንያ መቀነሻ ግብር ልታሰላ የቃጣት ልጅ ገጥማኛለች። ሳቅንባት እንጂ አልተቆጣናትም።

8. የፈተናውን ወር ከሥራሽ ጋር አስማሚ። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ በፈረንጅ መጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ። በእኛ ቆጠራ ሲመጣ የካቲት መጨረሻ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን፣ እና ኅዳር መጨረሻ ማለት ነው። አሁን ሥራሽን አስቢ። ድርጅትሽ ሂሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ቆጠራና ማስታረቅ ነው፣ ነሐሴ ኦዲተር ይመጣል፣ የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ግብሩን ያሳውቃል። በጳጉሜን የሚፈተን የሂሳብ ሠራተኛ ቀን ለአሠሪው፣ ሌሊት ለፈተናው ሲል ሁለቱንም ያበላሻል። የኅዳሩም ቢሆን ዝግጅቱ የሚወድቀው ጥቅምት ላይ ነው። ለእኛ አገር የሂሳብ ሰው የሚስማማው የካቲትና ግንቦት ነው፤ የካቲቱ ጾም ውስጥ ቢገባም አእምሮ ይሻላል እላለሁ። በዓመት ሁለት ሁለት ፈተና በደንብ ማለፍ፣ አራት ጊዜ ተመዝግቦ በሁለቱ ከመቅረት ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና የሕጉ ፈተና በኮምፒውተር ሆነው በማንኛውም ወቅት ስለሚሰጡ፣ እነሱን ክረምት ከመድረሱ በፊት ጨርሻቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከላይኞቹ አራት የመጀመሪያውን ካለፍሽበት ቀን አንስቶ ሰባት ዓመት ነው ያለሽ። ሰባት ዓመት ሩቅ ይመስላል። ጋብቻና ልጅ፣ የእናት ሕመምና የቤት ኪራይ ሲጨመርበት ግን ቅርብ ነው።

9. ገንዘቡን በፓውንድ አስቢ። ምዝገባው፣ ዓመታዊ መዋጮው፣ የፈተናው ክፍያ ሁሉ በፓውንድ ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ በብር ያሰብሽው ሒሳብ ከርሞ አይሠራም። የፈተናው ክፍያ ቀደም ብሎ ለተመዘገበ ይቀንሳል፣ ለዘገየ ይጨምራል። ዓመታዊ መዋጮ ያልከፈለ ስሙ ይሰረዛል፤ ለመመለስም ያስከፍላል። ክፍያውን ለማን እንደምትልኪ ደግሞ ተጠንቀቂ። «እኔ በካርዴ ልክፈልልሽ» የሚል ደላላ ከተገኘ፣ የማኅበሩ አካውንትሽ በራስሽ ኢሜይል መከፈቱን፣ የይለፍ ቃሉም በአንቺ እጅ ብቻ መሆኑን ሳታረጋግጪ ብር አትስጪ።

10. ልምዱንም ከትምህርቱ እኩል ቁጠሪ። 13ቱን አልፈሽ አባል አትሆኚም። የ36 ወር ተገቢ የሥራ ልምድ፣ ዘጠኝ የተግባር ግቦች፣ የሥነ ምግባር ሞጁልም አሉ። ግቦቹን የሚፈርምልሽ አለቃ ብቁ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አለበት። ችግሩ እዚህ ነው። እኛ ሰፈር ያሉት ብዙዎቹ ድርጅቶች የቤተሰብ ንግድ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ አጎት ነው፣ ገንዘብ ያዧ ምራት ናት። ሥራው ይኖራል፣ ፈራሚው ግን የለም። ሥራ ስትቀይሪ ስለ ደመወዙ ከመጠየቅሽ በፊት «ከበላዬ ያለው ሰው ምን ብቃት አለው?» ብለሽ ጠይቂ። ልምድሽንም ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ መዝግቢ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሊፈርምልሽ የሚችለው ሰው ወይ ሥራ ለቋል፣ ወይ ካናዳ ገብቷል።

11. ወደ አሜሪካ የምትሄጂ ከሆነ ደንቡ ሌላ ነው። ዲቪ ደርሶት ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የገባ ዘመድ አይጠፋሽም፤ እዚያ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ ሲፒኤ ነው። ለፈተና ከመቀመጥሽ በፊት ትራንስክሪፕትሽ በክሬዲት ይመዘናል። ለፈቃዱ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 150 ክሬዲት ነው፤ በብዙ ግዛቶች ለፈተናው ብቻ 120 ይበቃል። በቅርቡ እንደ ኦሃዮና ቨርጂኒያ ያሉት በመጀመሪያ ዲግሪና በሁለት ዓመት ልምድ የሚያስኬድ ሌላ መንገድ ከፍተዋል። ፈተናው አራት ነው፤ ማለፊያው 75። የእኛ ሰው የሚደናቀፈው በዲግሪው ርዝመት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያው ዓመት ተነስቶ ብዙዎቹ ዲግሪዎች ሦስት ዓመት ሆነው ነበር፤ ፍሬሽማን የተመለሰው በ2012 ነው። በሦስት ዓመቱ የተመረቀ ሰው ክሬዲቱ ሊጎድልበትና እዚያ ሄዶ ኮርስ እንዲጨምር ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከአገር ስትወጪ ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬው በፊት የታሸገ ትራንስክሪፕትና የኮርስ መግለጫ ክተቺ። ከዚያ ሆኖ ማስላክ በዘመድ ጫንቃ የሚሠራ ሥራ ነው።

12. የአባልነት ካርዱን ስትይዢ የመጨረሻው ደጅ ቦርዱ ነው። ድሮ የኦዲተርነት ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና በደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ግን ባለሙያውን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የማኅበር አባልነት ብቃትሽን ያሳያል፤ በኢትዮጵያ ምድር የኦዲት ሪፖርት ላይ የምትፈርሚው ግን ቦርዱ መዝግቦሽ ፈቃድ ሲሰጥሽ ነው። ይህን ሳያውቅ ቢሮ ተከራይቶ ማኅተም ያስቀረጸ ሰው አውቃለሁ፤ ኪራዩን እየከፈለ ወራት ጠበቀ። የቦርዱን መመሪያ አሁኑኑ አንብቢና የሚጠይቀውን ልምድና ማስረጃ ከዛሬ ጀምረሽ እየሰበሰብሽ ሂጂ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አድርጊ አልልሽም። ማታ ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን ወይም ቴምፖሽን፣ የ12ኛ ክፍል ካርድሽን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና ስምሽን ፊደል በፊደል አስተያዪ። ልዩነት ካገኘሽ ነገ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ ሬጅስትራር ሂጂ፤ በጠዋት ድረሺ፣ ከምሳ በኋላ ሰልፉ አይቀመስም። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ትገዢዋለሽ።